በሰባት ቤት የተደገሰ ሰርግ

በእኛ ጊዜ ታኅሣሥ ማለት አቧራ ማለት ነበር። እዚህ ሆሳዕና ከተማ ሴቶች ልብስ አጥበው ደጅ ያሰጡና ገበያ ደርሰው ሲመለሱ ልብሱ እንደ ቆርቆሮ ደርቆ ይጠብቃቸዋል፤ ሰማዩን ቀና ብሎ የሚያይ ሰውም አልነበረም፣ ምን ሊያይ፣ ሰማያዊ ነው በቃ። እናንተ ልጆች አሁን በገና ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ይዛችሁ ትወጣላችሁ፣ አይገርማችሁም፣ እኔ ግን ያን ጊዜ ልቤ ሊወጣ ነበር። የምነግራችሁ የምሕረትን ሰርግ ነው፣ የልጄን። ሩቅ አይደለም፣ ሦስት ገና ሆኖታል፣ ወይስ አራት፤ እዚህ ላይ ልሳሳት እችላለሁ፣ ማን መጀመሪያ ምን አለ የሚለው ላይም ልሳሳት እችላለሁ። አበበች፣ ባለቤቴ፣ ብትኖር ታርመኝ ነበር፣ ገበያ ወጥታለች። አንተ የምትጽፈው፣ የጠፋኝን ከራስህ አትሙላ፣ ጠፋው ብለህ ጻፍ።

እንግዲህ ታውቁኛላችሁ፣ እኔ የሰፈሩ እድር ዕቃ ያዥ ነኝ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ሳህኑ፣ ማንኪያው ሁሉ በእኔ እጅ ነው፣ የመጋዘኑ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው የሚያድረው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ ግን ስድስተኛ ክፍል ማንኪያ ለመቁጠር በቂ ነው። ድንኳን ተውሶ አርጥቦ የሚመልስልኝ ሰው ካለ አልቀበልም፣ «ሂድ፣ አድርቀህ አምጣ» እላለሁ። ሰው «ሄራሞ የድንኳኑን ንፍጥ እንደ ሕፃን ይጠርጋል» ይለኛል፣ ይበል። ተፈጥሮዬ ነው፣ እጨነቃለሁ። ባጃጅ ስሳፈር ሾፌሩን «ፍሬኑን አይተኸዋል ወይ?» ብዬ ሳልጠይቅ አልቀመጥም። ታዲያ እንደዚህ ያለ ሰው ልጁን ሲድር ምን እንደሚሆን አስቡት።

ሙሽራው፣ ታምራት፣ አስተማሪ ነው፣ የአዲሎ ልጅ፣ ከምባታ ነው። አባቱ ኤርሳዶ እህል ነጋዴ ነው፣ ትልቅ ሰው፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ። ያኔ ገና «እርስዎ» ነበር የምንባባለው፣ አሁን «አንተ» ሆነናል። እሱ በከምባትኛ ይጀምራል፣ እኔ በሀዲይኛ እመልሳለሁ፣ ሲጨንቀን ሁለታችንም አማርኛ ውስጥ እንገናኛለን። ታዲያ ተስማማን፣ ሰርጉ የገና ማግስት ይሁን፣ ዘመድ ሁሉ ለገና ስለሚመጣ እግረ መንገዱን ይደርሳል አልን። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቃል ኪዳን፣ ከዚያ እኔ ግቢ፣ በእድሩ ትልቁ ድንኳን ውስጥ ግብዣ። ከአዲሎ ስልሳ ሰው ይመጣል። እኔ ደብተር ገዛሁ፣ ሁሉን ጻፍኩ፣ ማን የት ይቀመጣል፣ ማን ውኃ ያቀርባል፣ ማን በር ላይ ይቆማል። ድንኳኑንም አምስት ቀን አስቀድሜ ተከልኩት፣ ችካሉን ራሴ መታሁት። አበበች «ምነው፣ የት እንዳይሄድብህ ነው?» አለችኝ።

በማግስቱ ነው ዝናቡ የጀመረው። መጀመሪያ ጠብ ጠብ አለና «አቧራውን ያረገበዋል» ተባባልን፣ ደስም አለን። ከዚያ ወረደ። የሐምሌ ዝናብ ነው የምላችሁ፣ ነጎድጓድ ያለው፣ ቆርቆሮው ላይ ሲመታ ሰውና ሰው የማይሰማማበት። ሬድዮ ከፈትኩ፣ ስለ ሌላ አገር ያወራል። ወንዱ ልጄ በስልኩ ያሳየኝና «አባ፣ ነገ ፀሐይ ነው፣ ይኸው ሥዕሏ» ይለኛል፣ ነገ ይመጣል፣ ዝናብ። «አባ፣ አሁን ደግሞ ቀይረውታል፣ ደመና አድርገውታል።» «እነማን ናቸው የሚቀይሩት?» እለዋለሁ፣ እሱም አያውቅም።

እና እወጣለሁ፣ ሰማዩን አያለሁ፣ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። አበበች ወጥ ላይ ነች፣ አንዴ ዞር አለችና፣

«የምሕረት አባት፣ እባክህ ተቀመጥ። ሰማዩ አንተን እያየ ነው የሚያለቅሰው» አለችኝ።

ወንድሜ ከጊምቢቹ ይደውላል፣ «ስንዴዬ ክምር ላይ ነው፣ ራሰ፣ ጸልይልኝ» ይላል። ስልኩን ስዘጋ አጥር የሚለየን ጎረቤቴ ብቅ ይልና «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንሰቱ እኮ ሊደርቅብኝ ነበር» ይለኛል። ታዲያ እኔ ምን ልጸልይ? «ጌታ ሆይ፣ የሰርጉን ዕለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ብቻ ያዝልኝ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ፈቃድህ» ብዬ ጸለይኩ። ሰዓቱን ሁሉ ነገርኩት። አትሳቁ፣ እናንተም ልጅ ስትድሩ ታዩታላችሁ።

እሺ፣ ደግነቱ ድንኳኑ ጠንካራ ነው፣ ዝናብ አያስገባም፣ ከሥሩ ቦይ ቆፈርኩለት፣ ውኃው ወደ ውጪ እንዲሄድ። ይዝነብ፣ ድንኳን አለኝ ብዬ ትንሽ ልቤ አረፈ። የገና ዕለት ጠዋት ግን ምን ሰማሁ? የእድሩን ጥሩንባ። ለፋፊው በዝናብ ውስጥ ከታች እየነፋ መጣ። «የእድራችን አባል ጋሽ መኮንን አርፈዋል፣ ቀብር ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት» ይላል።

ጋሽ መኮንን ማለት ማዘጋጃ ቤት የሠሩ፣ ጡረታ የወጡ፣ አባታቸው ከሸዋ የመጡ፣ እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ እድራችን ሁሉንም የያዘ ነው። ሲታመሙ ቆይተዋል፣ ግን ማን በገና ይሞታል ብሎ ያስባል። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ ጥሩንባውን እየሰማሁ ድንኳኑን አየሁት። ከዚያ መሬቱን አየሁ። አንገቴ ላይ ያለውን ቁልፍ ያዝኩ።

ለምን መሰላችሁ? ደንቡ «ለቅሶ ከሰርግ ይቀድማል» ይላል። የለቅሶ ቤት ድንኳን ከቀብር ጀምሮ ሦስት ቀን ይቆማል፣ በሰርግ ምክንያት አይዘገይም። ይኼን ደንብ ማን አስገባው? እኔ። ያኔ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር፣ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ «ይጻፍ» ያልኩት እኔ ነኝ። ደንቡ መጀመሪያ ያረፈው ማን ላይ ነው? ሎምባሞ ላይ። ሎምባሞ ፊት ለፊቴ ነው የሚኖረው፣ መንገድ ብቻ ነው የሚለየን፣ የሰፈሩ እንጨት ሠሪ። የልጁ ሰርግ ዕለት አንዲት አሮጊት አረፉ፣ እኔ ሄድኩና ድንኳኑን ከሙሽሮቹ ላይ ነቀልኩ። ፀሐይ ነበር፣ ሰዉ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ፣ ኬኩ ቀለጠ፣ የሙሽራዋ እናት ራሳቸውን አሟቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሎምባሞ አያናግረኝም። ሳህን ሲፈልግ እኔ ፊቱ ቆሜ ወደ ሌላ ሰው ዞሮ «ለዕቃ ያዡ ንገርልኝ፣ ሃያ ሳህን» ይላል። ሰውዬውም ወደ እኔ ዞሮ «ሃያ ሳህን ይላል» ይለኛል። እኔም «ይውሰድ በለው» እላለሁ። ስምንት ዓመት እንደዚህ።

ታዲያ የእድሩ ሊቀመንበር እየሮጠ መጣ፣ ጃንጥላው ተገልብጦበታል። ጓደኛዬ ነው፣ ያዝንልኛል።

«ሄራሞ፣ ስማኝ» አለ። «ትንሿን ድንኳን ወደ ለቅሶ ቤት እንልካለን። ትልቁ እዚህ ይቅር።»

«ትንሿ እኮ ለጥላ ነው፣ ወንፊት ናት» አልኩት።

«ላስቲክ ከላይ እናለብሳታለን። ማንም ምንም አይልህም። እትዬ ጥሩነሽ ራሳቸው ልከውብኛል፣ ‹የሄራሞን ልጅ ሰርግ እንዳትነኩ፣ እኛ ቤት ውስጥ እንቀመጣለን› ብለዋል።»

እትዬ ጥሩነሽ የጋሽ መኮንን ባለቤት ናቸው። ባላቸው ተገንዞ ከፊታቸው ተኝቶ ስለ እኔ ልጅ ሰርግ ያስባሉ። ይኼን ስሰማ ባሰብኝ። አበበችም ከኋላዬ መጥታ፣

«ተፈቀደልህ እኮ። እትዬ ጥሩነሽ ከፈቀዱ፣ ሊቀመንበሩ ከፈቀደ፣ አንተ ማነህ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ ማነኝ? ላስቀረው ፈልጌ ነበር። አሁን ልደብቃችሁ አይደለም፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ «እሺ» ልል። ቀና ስል ግን ሎምባሞ በሩ ላይ ቆሟል። ኮፍያው ላይ ውኃ ይወርዳል፣ እጁን ኪሱ ከቷል፣ ያየኛል። ያ ሰው በሕይወቱ ከዚያች ደቂቃ የበለጠ የጠበቃት ደቂቃ ያለ አይመስለኝም። እኔ እሺ ባልኩ ጊዜ ስምንት ዓመት ሙሉ እሱ ልክ ነበር ማለት ነው፣ ደንቡ ለሰው ነው፣ ለሄራሞ አይደለም ማለት ነው።

ያኔ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ጭንቀቴ ቆመ። ሦስት ቀን ሙሉ ዝናቡን ላቆም ስለፋ ነበር፣ ደመናውን በዓይኔ ስገፋ። ዝናቡ የእኔ አይደለም። ጋሽ መኮንን በየትኛው ቀን እንደሚያርፉ የእኔ አይደለም። አንገቴ ላይ ያለው ቁልፍ ግን የእኔ ነው፤ የእኔ እሱ ብቻ ነው። እና ለሊቀመንበሩ፣

«ገመዱን ያዝልኝ» አልኩት።

«የትኛውን ገመድ?»

«የድንኳኑን። እንነቅላለን።»

አበበች እጇን አፏ ላይ አደረገችና ወደ ቤት ገባች። አልቅሳለች፣ ኋላ ነገረችኝ። እኔና ሊቀመንበሩ ችካል መንቀል ጀመርን፣ ጭቃው ይዞ አይለቅም፣ ሸራው ውኃ ጠጥቶ እንደ በሬ ከብዷል። እርጥብ ድንኳን በእጄ የተቀበልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ሁለት ሦስት ሰዎች መጡና ያዙልን፣ በጋሪ ጫንነው። ምሕረት በረንዳው ላይ ወጥታ ታያለች። ፀጉሯን ለነገው አሠርታለች፣ ላስቲክ ጣል አድርጋበታለች። ምን ልበላት? አጠገቧ ሄድኩና ጭቃ እጄን ከኋላዬ ደብቄ ቆምኩ።

«አባ፣ ለጋሽ መኮንን ነው?» አለችኝ።

«ለእሳቸው ነው።»

ጭቃውን አየች። ከዚያ «ጫማዬ ነጭ ነው» አለች።

ይኼ ብቻ ነው ያለችው። እኔም ከጋሪው ኋላ ሄድኩ። ለቅሶ ቤት ድንኳኑን ተከልን፣ አግዳሚውን ደረደርን፣ ቀበርናቸው። ከቀብር ስመለስ ምሕረት የእናቷን ቦቲ ጫማ፣ ያንን የጓሮ አረንጓዴ ላስቲክ ጫማ፣ በሳሙና አጥባ በረንዳው ላይ ደርድራዋለች። «ቁጥሩ ልኬ ነው» አለችኝ።

እናንተ «ለምን አልተከራየህም?» ትሉኝ ይሆናል። ጠየቅኩ እንጂ። ድንኳን የሚያከራዩት ሁሉ ጋ ደወልኩ፣ «ጋሼ፣ በዚህ ዝናብ ያልያዘ ማን አለ፣ ለጥር ሁሉ ተይዟል» አሉኝ። የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ደግሞ የገና ኮንፈረንስ ላይ ነው፣ ከገጠር የመጣው ሕዝብ እዚያው ነው የሚበላው፣ ለቃል ኪዳኑ ያህል ጠዋት ለአንድ ሰዓት ብቻ ለቀቁልን፣ ከዚያ በላይ አይሆንም። ስለዚህ ለኤርሳዶ መንገር አለብኝ። ስልኩን ይዤ ምን እንደምለው ሦስት ጊዜ ለራሴ አልኩት፣ ከዚያ ደወልኩ።

«አቶ ኤርሳዶ፣ ድንኳኑ ለቅሶ ሄዷል» አልኩ።

«የማን ለቅሶ?»

«የጎረቤት።»

«ድንኳኑ የእርስዎ አይደለም?»

«የእድሩ ነው። ደንቡ ነው።»

ከጀርባው የእሱም ቆርቆሮ ሲጮህ ይሰማኛል፣ እዚያም ይዘንባል። ስልሳ ሰው ነው፣ የተጠራ፣ ልብስ ያሰፋ። ሊሰርዘው ይችላል፣ «ሆሳዕና ሄደን ሜዳ ላይ ቆመን መጣን» ማለት ለአዲሎ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም፤ ልጄም ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ምን ፊት ይኖራታል። ኤርሳዶ ቆይቶ ቆይቶ፣

«የእኔ ሰዎች የት ይቀመጣሉ?» አለ።

«አላውቅም» አልኩት።

እኔ፣ ሄራሞ፣ ደብተር የገዛሁት፣ «አላውቅም» አልኩ። ኤርሳዶም፣ «እንመጣለን» አለና ዘጋው። ተናዶ ይሁን ተስማምቶ ይሁን ከድምፁ መለየት አልቻልኩም።

ታዲያ ቤት ተቀምጬ ግድግዳውን ሳይ በሩ ተንኳኳ። ሎምባሞ ነው። ስምንት ዓመት ያልረገጠው ደጅ ነው። ደብዳቤ እንደሚያደርስ ሰው ደጃፉ ላይ ቆመ፣ ግባ ብለውም አልገባም።

«ይቅርታ ላደርግልህ አልመጣሁም» አለኝ። ለእኔው፣ ወደ ማንም ሳይዞር። «ሶፋውን ግድግዳ ጥግ አድርጌዋለሁ። አልጋውን አውጥቻለሁ። ሃያ ሰው ይይዛል።»

«ሎምባሞ…» አልኩ።

«ሃያ ሁለት፣ ቀጫጭኖች ከሆኑ።»

ዞሮ ሄደ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ከእሱ በኋላ ሰፈሩ እንደ ጎርፍ ነው የመጣው። እንሰቱ የረጠበለት ጎረቤቴ «እኔ ዘንድ አሥር» ይላል። ሊቀመንበሩ «ሳሎኔ ለሽማግሌዎች ይሁን» ይላል። ከታች ያለችው ልብስ ሰፊ ሴት «የስፌት መኪናዬን ወደ ጓዳ አስገብቻለሁ፣ ሴቶቹን ወደ እኔ ላኩ» ትላለች። አንዱ «የገና ሥጋ አለኝ»፣ ሌላው «ቆጮ አለኝ»፣ እኔ «ኧረ ምግቡ ተሠርቷል» ስል የሚሰማኝ የለም። ሰባት ቤት ሆነ፣ ከእኔ ቤት ጋር። እኔም ደብተሬን አወጣሁና መንገድ ላይ ቆሜ ማን የት ብዬ መጻፍ ጀመርኩ፣ ዝናቡ ቀለሙን አጠበው፣ ገጹ ሰማያዊ ውኃ ሆነ። ሎምባሞ ከበሩ ላይ፣

«ተወው። ሰው እግር አለው፣ ራሱ ቤት ያገኛል» አለኝ።

ደብተሩን ብብቴ ውስጥ ከተትኩት፣ ከዚያ ወዲያ አላወጣሁትም።

በማግስቱ ቃል ኪዳኑ በሰላም ተፈጸመ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደረቅ ነው፣ ታምራትና ወላጆቹ በአንድ መኪና ቀድመው ደርሰው ነበር። የአዲሎዎቹ ሚኒባሶች ግን ዘግይተው ወደ ሰፈራችን ሲመጡ ኮብልስቶኑ የሚያልቅበት ዳገት ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀሩ። ጎማው ይዞራል፣ መኪናው ቆሟል። እኔ በር ላይ ነኝ፣ ከታች ድምፅ ሰማሁ። መዝሙር ነው። የከምባታ ሴቶች ወርደው ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ወንዶቹ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እየዘመሩ ጭቃውን ወደ ላይ እየወጡ ነው። ኤርሳዶም ሊቀበላቸው ወርዶ ነበርና ከፊት ከፊት ነው፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ በባዶ እግሩ። ደረሰና ቁና ቁና እየተነፈሰ፣

«የምንቆምበት ሜዳ የት ነው?» አለኝ።

«ሜዳ የለም፣ ሰባት ቤት ነው» አልኩት።

«ከየትኛው ልጀምር?»

ጨዋታው ከዚህ ነው የተጀመረው። ሙሽሮቹ አንድ ቦታ ቢቀመጡ የስድስቱ ቤት እንግዳ አያያቸውም፣ ስለዚህ ከቤት ቤት ይዙሩ ተባለ። ማን እንዳለው ጠፍቶኛል፣ እኔ እንዳልሆንኩ ግን አውቃለሁ። ምሕረት ነጭ ቬሎዋን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በአረንጓዴ ቦቲ፣ ታምራት ጃንጥላ ይዞላት፣ ሴቶቹ ከኋላ እያጨበጨቡ፣ ገቡ ወጡ፣ ገቡ ወጡ። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ያቀርባል። አንዱ ክትፎ፣ አንዱ ዶሮ፣ ሊቀመንበሩ ቤት አታካና ተሠርቷል፣ ቡላው በቅቤና በወተት ተንተክትኮ፣ ኤርሳዶ እዚያ ገብቶ አልወጣም፣ ሙሽሮቹ ሦስት ቤት ዞረው ሲመለሱ እዚያው ነው ያገኙት። ሰው መንገድ ላይ ይተላለፋል፣ «እናንተ ከየትኛው ናችሁ?» «ከልብስ ሰፊዋ።» «ምን አለ?» «ብርዝ አለ፣ ፍጠኑ።» በድንኳን ሰርግ ሰው አጠገቡ ካለው ሰው ጋር ብቻ አውርቶ ይሄዳል፣ እዚህ ግን አዲሎና ሆሳዕና ጓዳ ለጓዳ ተዋወቀ። ሎምባሞ ቤት ሃያ ሁለት አይደለም፣ ሰላሳ አንድ ሰው ቆጥሬአለሁ፣ መቁጠሩን አልተውኩም፣ ተፈጥሮዬ ነው። ራሱ መቀመጫ አጥቶ በራሱ መስኮት ላይ ተቀምጦ ይበላል። ሲያየኝ፣

«ኬክ አለ?» አለኝ።

«አለ» አልኩት።

«አምጣ። ዛሬ የሚያቀልጠው የለም።»

ሁለታችንም ሳቅን። በቃ፣ የስምንት ዓመቱ ነገር እዚያ ላይ አለቀ፣ ሽማግሌ አልተቀመጠም፣ ማንም ካሣ አልጠየቀም።

አንድ ነገር ግን አስፈርቶኝ ነበር። ከአምስተኛው ቤት ወደ ስድስተኛው ለመሄድ በለቅሶው ድንኳን ደጃፍ ማለፍ የግድ ነው፣ ሌላ መንገድ የለም። ሴቶቹ ሲቃረቡ መዝሙሩን ቀስ እያደረጉ፣ ቀስ እያደረጉ፣ አቆሙት። ዝናቡ ሸራው ላይ ብቻ ይሰማል። ልናልፍ ስንል ምሕረት የታምራትን እጅ ያዘችና ወደ ውስጥ ገባች። ኤርሳዶና እኔ ተያየን፣ ተከተልን። ለቅሶ ላይ በቬሎ የገባ ሰው አይቼ አላውቅም። ሁለቱ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ «እግዚአብሔር ያጥናዎት» አሉ። እትዬ ጥሩነሽ በጥቁር ነጠላቸው ሆነው ቀና አሉ፣ መጀመሪያ ፊቷን አዩ፣ ከዚያ ቀሚሱን አዩ፣ ከዚያ እግሯን። ቦቲውን ረጅም ጊዜ ነው ያዩት።

«ምሕረት፣ ይኼ የእናትሽ የጎመን ጫማ አይደለም?» አሉ።

«ነው፣ እትዬ» አለች።

እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ እኛ ለቅሶ መስሎን ደነገጥን። ሳቅ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ አቀረቀረ፣ ሊይዘው አልቻለም፣ አንዱ ከኋላ ሳቁን ለቀቀው። ከዚያ እትዬ ጥሩነሽ ተነሡና ሁለቱን ግንባራቸውን ሳሙ፣ «ቤታችሁ ይሙቅ፣ ልጅ ውለዱ፣ አብራችሁ አርጁ፣ እንደ እኔና እንደ እሱ» አሉ። ወደ እኔም ዞረው፣ «ሄራሞ፣ ይኼ ድንኳን ጠብ አላለም» አሉኝ። ከዚህ በላይ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም፣ በዕድሜዬ። ስንወጣ የአዲሎ ሴቶች ዝም ብለው ጥቂት ተራመዱና ጥግ ሲታጠፉ መዝሙሩን እንደ አዲስ አነሡት፣ እኔም አብሬ ዘመርኩ፣ ቋንቋውን ሳላውቀው።

ሁሉ ነገር አማረ እያልኩ እንዳይመስላችሁ፣ ልክ ልኩን ልንገራችሁ። የወንድሜ ስንዴ ግማሹ ክምሩ ላይ በቅሏል፣ ለከብት ሆነ። የምሕረት ቬሎ ከወገብ በታች ቡናማ ሆኖ አልለቀቀም። ሚኒባሶቹን ለማውጣት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተገፋ። ዝናቡም ለእኔ ብሎ አልቆመም፣ ሰርጉ ካለፈ በኋላ በራሱ ጊዜ አባራ፣ ፀሐይ ወጣ፣ እኔም ድንኳኑን ለማድረቅ አሰጣሁት። ኤርሳዶ ግን መኪናው ላይ ሲወጣ ጭቃ የነካውን ከረባቱን ይዞ፣ «ሄራሞ» አለኝ፣ ያኔ ነው እርስዎን የተወው፣ «አንተ ‹አላውቅም› ስትለኝ ልሰርዘው ነበር። ግን የጎረቤቱን ሬሳ ዝናብ ያላስመታ ሰው እንግዳውን ሜዳ ላይ አያቆምም ብዬ ነው የመጣሁት» አለኝ። እኔ ግን ሜዳ ላይ እንደማይቆሙ በዚያን ሰዓት አላውቅም ነበር፣ ይኼን አልነገርኩትም።

አሁን ምሕረት አዲሎ ነች፣ ታስተምራለች፣ ደህና ነች። ባለፈው ሐሙስ ኤርሳዶ ደወለ። ሁለተኛ ልጁን እየዳረ ነው፣ ለጥር።

«ድንኳን አንተክልም» አለኝ።

«ምነው፣ ዝናብ ነው ያሉት?»

«ኧረ ፀሐይ ነው። ሰዉ እምቢ አለኝ። ‹እንደ ሆሳዕናው በየቤቱ ካልሆነ አንመጣም› አሉ። ሰፈሩ እንግዳውን ተከፋፍሎ ጨርሷል።»

«ስንት ቤት ሆናችሁ?» አልኩት።

ይቺን ነው ሲጠብቅ የነበረው። «አሥራ አንድ» አለኝ፣ ኮራ ብሎ። «እናንተ ሰባት ነበራችሁ መሰለኝ።»

«ሰባት ነበርን» አልኩት። «ግን ኤርሳዶ፣ በፀሐይ ማንም ያደርገዋል።»

ስልኩ ተዘጋ። ይኼ ሐሙስ ነው፣ ከሐሙስ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።

— ተቀይሞ እንዳይሆን፣ ጋሼ?

የለም የለም። አሥራ ሁለተኛ ቤት እየፈለገ ነው።